ከኦን እስከ ሲና፦ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ግብፅን የመዞር የ12 ቀን ማስታወሻ

ግብፅን በመጽሐፍ ቅዱስ መስመር ለመዞር 12 ቀን ያስፈልጋል። በስምንት ቀን የሚጨርሱት ደልታንና ሚኒያን ዘልለው ነው፤ የሚዘለለው ደግሞ ለኦሪት አንባቢ ዋናው ክፍል ነው። መስመሩ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ዮሴፍ፣ ሙሴ፣ ኤርምያስና የእመቤታችን ስደት በአንድ ወንዝ ዳር ተደራርበው ስለሚገኙ መንገዱን የሚመራው መልክዓ ምድሩ ነው።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። በበጋቸው ሉክሶር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ከረፋድ በኋላ በእግር መዞር አይቻልም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ቪዛውን ከግብፅ ኤምባሲ አስቀድሞ ያስጨርስ። በትልልቆቹ ቦታዎች የመግቢያ ትኬት በባንክ ካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ ስለማይሸጥ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያዙ። የእጅ ባትሪም አትርሱ። ከመነሣታችሁ በፊት ዘፍጥረት 37–50ን እና ዘጸአት 1–12ን እንደ አዲስ አንብቡ።

ቀን 1፦ ፉስጣጥና አሮጌው ካይሮ

ጉዞው ከአስከሬን ይጀምር። ፉስጣጥ ያለው ብሔራዊ የግብፅ ሥልጣኔ ሙዚየም የነገሥታት አዳራሽ አለው፤ 22 የነገሥታትና የንግሥታት አስከሬኖች ከታህሪር ሙዚየም ወደዚህ የተዛወሩት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2021 ነው። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ዳግማዊ ራምሴስም ልጁ መርነፕታህም እዚህ ናቸው።

መርነፕታህ ዘንድ ስትደርሱ የተለመደ ወሬ ትሰማላችሁ፤ ገላው ላይ ጨው ስለተገኘ በባሕር ሰጥሞ የሞተው ፈርዖን እሱ ነው ይባላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። የግብፅ አስከሬን የሚደርቀው ናትሮን በሚባል ጨው ተሸፍኖ ነውና ጨው በሁሉም ላይ ይገኛል።

አሠራሩን በተራ ማወቅ ይጠቅማል። አንጎል በአፍንጫ ተስቦ ይወጣና ይጣላል። የግራ ጎን ተቀድዶ ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀት ይወጣሉ፤ ለየብቻቸው ደርቀው በአራት ማሰሮ ይቀመጣሉ። ገላው 40 ቀን ያህል በናትሮን ይደርቃል። ከዚያ በዘይትና በሽቱ ይታሻል፣ በበፍታ ይጠቀለላል፤ ጠቅላላው 70 ቀን ይሆናል። አሁን ዘፍጥረት 50፥2–3ን ክፈቱ። የዮሴፍ ባለ መድኃኒቶች ያዕቆብን በሽቱ ሲያሹ 40 ቀን ይፈጅባቸዋል፣ ግብፃውያንም 70 ቀን ያለቅሱለታል። ሁለቱም ቁጥሮች የሙያው ቁጥሮች ናቸው። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ዮሴፍ የሞተበት 110 ዓመትም በግብፃውያን ዘንድ የተባረከ ሰው የሚመኘው ዕድሜ ነበር።

ከውስጥ ዕቃው ሆን ተብሎ በቦታው የሚተወው ልብ ነው። ለግብፃዊ ልብ የማሰቢያም የማስታወሻም ቦታ ነው፤ በፍርድ ቀንም ምስክር ይሆናል። ሟቹ የሙታን ፈራጅ በሆነው አምላክ በኦሲሪስ ፊት ሲቀርብ ልቡ በሚዛን አንድ ወገን ይቀመጣል፣ በሌላው ወገን የማአት ላባ አለ፤ ማአት እውነትም ሥርዓትም ፍትሕም ናት። ቶት የተባለው ጸሐፊ አምላክ ውጤቱን ይመዘግባል። ልቡ ከብዶ ሚዛኑ ካጋደለ፣ የአዞ ራስ፣ የአንበሳ ደረትና የጉማሬ ጀርባ ያላት አሚት ትውጠዋለች፤ ያ ሰው ሁለተኛ አይኖርም። ስለዚህ ደረቱ ላይ በጢንዚዛ አምሳል የተቀረጸ ድንጋይ ያኖሩለታል። ሆዱ ላይ የተጻፈው ድግምት ልብን፦ በፍርድ ፊት ተነሥተህ አትመስክርብኝ ብሎ ይለምናል። እነዚህን ጢንዚዛዎች በየሙዚየሙ ስታገኙ ገልብጠው ካሳዩአቸው ሆዳቸውን እዩ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ዘጸአት ስለ ፈርዖን ልብ ሲናገር በዕብራይስጡ ሦስት ግሦችን ያፈራርቃል። አንዱ በረታ፣ አንዱ ጠነከረ፣ አንዱ «ካቤድ» ነው፤ ከበደ ማለት። 7፥14 ላይ ያለው ይኸኛው ነው። ሥሩ ከግእዙ ከብደ፣ ከአማርኛው ከበደ ጋር አንድ ነው። አማርኛው ቃሉን በ«ደነደነ» ሲመልሰው ስሕተት የለበትም፤ ሚዛኑ ግን ይሰወራል። ሕዝቡን አልለቅም ያለው ንጉሥ ልቡ ከበደ ሲባል፣ በዚያ አገር ያደገ ሰማዒ የሚያየው ያጋደለ ሚዛንና አፏን የከፈተች አሚትን ነው። ይህን ይዛችሁ ከሙዚየሙ ውጡ፤ በቀሩት 11 ቀናት ትፈልጉታላችሁ።

ከሰዓት በኋላ በሜትሮ አንደኛ መስመር ማር ጊርጊስ ጣቢያ ውረዱ። ከሮማውያን ምሽግ በር ማማዎች በላይ የተሠራችው የሙዓለቃ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመንገዱ ዝቅ ብላ ያለችው የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤን ዕዝራ ምኵራብም በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ናቸው። አቡ ሰርጋ መሠዊያ ሥር እመቤታችን ከልጇና ከዮሴፍ ጋር ያረፈችበት የሚባለው ዋሻ አለ፤ ጠባብ ነውና ብዙ ጎብኚ ሳይደርስ ግቡ። ቤን ዕዝራ የታወቀው የእግዚአብሔር ስም ያለበት ጽሑፍ አይቃጠልም ተብሎ ለዘመናት በተከማቸበት ክፍሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896–97 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ሰሎሞን ሼክተር ከዚያ ያወጣው ቁራጭ ብራናና ወረቀት 190 ሺህ ይደርሳል፤ ዛሬ ካምብሪጅ ነው።

ቀን 2፦ የመርነፕታህ ድንጋይና ኦን

ታህሪር ያለው የግብፅ ሙዚየም ብዙ ዕቃው ጊዛ ወደተከፈተው ትልቁ ሙዚየም ሄዷል። ለዚህ ጉዞ የምትፈልጉት ግን አንድ ድንጋይ ነው፤ በር ላይ ስሙን ጠርታችሁ ያለበትን አዳራሽ ጠይቁ። ቁመቱ 3.18 ሜትር የሆነ ጥቁር ግራናይት ሲሆን እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ቴብስ (የዛሬዋ ሉክሶር) ላይ አግኝቶታል። አስቀድሞ የሦስተኛው አሜንሆቴፕ ነበር፤ መርነፕታህ በ1208 ቅ.ል.ክ. ገደማ በጀርባው ጻፈበት።

ጽሑፉ 28 መስመር ነው። አብዛኛው በሊቢያውያን ላይ ስለተገኘ ድል ያወራል፤ ከነዓን የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች አትፈልጉ፤ ከታች ሁለተኛውን መስመር ያዙ። አስቀሎና፣ ጌዝር፣ የኖዓም እያለ ይቆጥርና «እስራኤል ጠፋ፤ ዘሩ የለም» ይላል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ይህን ስም ይዞ የተገኘው ቀዳሚው የታወቀ ጽሑፍ ይህ ነው። በሃይሮግሊፍ ከስም ቀጥሎ የማይነበብ፣ የነገሩን ዓይነት ብቻ የሚያመለክት ሥዕል ይጨመራል። የሦስቱ ከተሞች ስም በሦስት ኮረብታ ያልቃል፤ አገር ማለት ነው። የእስራኤል ስም ኮረብታ የለውም፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠው ከሥራቸው ሦስት ጭረት አለ፤ ሕዝብ ማለት ነው። የፈርዖን ጸሐፊ እስራኤልን የሚያውቀው ገና ከተማ የሌለው ሕዝብ አድርጎ ነው። ዘፀአትን በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የሚያደርጉት ሊቃውንት ከሚይዟቸው ነጥቦች አንዱ ይህ መስመር ነው፤ ከዚህ ዘመን አስቀድሞ እስራኤል ከነዓን መግባቱን ያሳያልና።

ከሰዓት መታርያ። ዛሬ የካይሮ ሰፈር ነው፤ ጥንት የፀሐይ አምላክ የራ ከተማ ኦን፣ ግሪኮች ሄልዮፖሊስ ያሏት። ከቤተ መቅደሱ በቦታው የቆመው አንድ ሐውልት ብቻ ነው፤ ከአስዋን የመጣ ቀይ ግራናይት፣ ከ20 ሜትር በላይ ቁመትና 120 ቶን ያህል ክብደት ያለው፣ ቀዳማዊ ሰንዎስረት በ1950 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያቆመው። ዮሴፍ የዚህች ከተማ ካህን የጶጥፌራን ልጅ አስናትን አገባ። ጶጥፌራ በግብፅኛ «ራ የሰጠው» ማለት ነው፤ በእኛ አሰያየም ሀብተ ራ እንደማለት። የአማቹ ስም የፀሐይን አምላክ ጠርቶ፣ የልጆቹ የምናሴና የኤፍሬም ስም ደግሞ እግዚአብሔርን ማመስገኑ (ዘፍ. 41፥51–52) የዮሴፍ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደነበር ያሳያል።

ትንሽ ራቅ ብሎ የማርያም ዛፍ የሚባለው ሾላ አለ። አሮጌው ግንድ እ.ኤ.አ. በ1656 ወድቋል፤ የምታዩት ከእርሱ ቁጥቋጥ የመጣውን ነው። ሾላ በጥንቱ እምነት የሐቶር ዛፍ ነበረ፤ በመቃብር ሥዕሎች ላይ አምላኪቱ ከዛፉ ውስጥ ብቅ ብላ ለተጠማ ሟች ውኃ ትሰጣለች። ክርስቲያኑ ሕዝብ በዚያው ጥላ ሥር የእመቤታችንን ዕረፍት ያስባል።

ቀን 3፦ ሜምፎስና ሳቃራ

ሜምፎስ ዛሬ ሚት ራሂና የሚባል የተምር መንደር ነው። የተጋደመውን የራምሴስ ሐውልትና ስፊንክሱን በአንድ ሰዓት ጨርሱ። ሆሴዕ 9፥6 ሜምፎስ ትቀብራቸዋለች ያለው ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ሳቃራ ስትደርሱ ነው፤ ከተማዋ ለሺህ ዓመታት የቀበረችበት ቦታ ነውና።

ሳቃራ ላይ ሁሉም ወደ ጆሰር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ይሮጣል። ይታይ፤ ግን ፒራሚዶችን እስራኤላውያን አልሠሯቸውም። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ በ2560 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያለቀ ነው፤ ከአብርሃምም በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ዘጸአት የሚናገረውም ስለ ጭቃና ጡብ ነው፤ እነዚህ ፒራሚዶች ግን የድንጋይ ሥራ ናቸው።

ጊዜያችሁን ለሰራፔዮም አቆዩት። ትኬቱ ለብቻው ስለሆነ መግቢያው ላይ አብራችሁ ግዙ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቦታው ደርሶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1851 ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ኦጉስት ማርዬት የገባበት የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። ግራና ቀኙ በተፈለፈሉ ክፍሎች ውስጥ ከ60 ቶን በላይ የሚመዝኑ የድንጋይ ሣጥኖች ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱ የተቀበረው አንድ በሬ ነው። አፒስ ይሉታል፤ በተወሰነ ምልክት ተመርጦ፣ ሲኖር እንደ አምላክ ተቀልቦ፣ ሲሞት እንደ ንጉሥ በናትሮን ደርቆ የሚቀበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ ዘጸአት 32ን ብታነቡ የወርቁ ጥጃ ከየት እንደመጣ አትጠይቁም። በሰባ ሊቃናት ትርጉም ኤርምያስ «አፒስ ስለ ምን ሸሸ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለዚህ በሬ ነው፤ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 46፥15 ነው።

ቀን 4፦ ደልታ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ፍተሻ ይበዛል፤ አውቶቡስም ስለማይመች መኪና መከራየት ግድ ነው። መጀመሪያ ዛጋዚግ አጠገብ ቴል ባስጣ፤ ሕዝቅኤል 30፥17 ላይ የተጠራችው ከተማ፣ የድመቷ አምላክ የባስቴት መቀመጫ።

ቀጥሎ ተጓዥ ሁሉ የሚሳሳትበት ነጥብ ይመጣል። ዘጸአት 1፥11 እስራኤል ራምሴን እንደሠሩ ይናገራል። ሳን ኤል ሐጀር ወይም ታኒስ የሚባለው ቦታ፣ በዳዊታችን ጣኔዎስ፣ ራምሴስ በሚለው ስም በተሞሉ ሐውልቶች የተጨናነቀ ስለሆነ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፒየር ሞንቴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲቆፍር ራምሴ ይህች ናት ብሎ ነበር። አይደለችም። በራምሴስ ዘመን ታኒስ ላይ ከተማ አልነበረም። እውነተኛው ፒ-ራምሴስ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ቃንቲር በሚባል መንደር ማሳ ሥር ነው። ከተማውን ያኖረው የዓባይ ቅርንጫፍ በደለል ሲሞላ መርከብ መግባት አቃተው፤ የኋላ ነገሥታትም ሐውልቶቹን ነቅለው፣ ጎትተው ጣኔዎስ ላይ አቆሟቸው። ስለዚህ ድንጋዩን ለማየት ታኒስ፣ ቦታውን ለማየት ቃንቲር መሄድ ያስፈልጋል። ቃንቲር ላይ የሚታየው እርሻ ብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ። አጠገቡ ቴል ኤል ዳባ አለ፤ ኦስትሪያዊው አርኪዮሎጂስት ማንፍሬድ ቢታክ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የቆፈረው ጥንታዊው የአቫሪስ ከተማ፣ ከከነዓን የመጡ ሰዎች ቤትና መቃብር የተገኘበት። የጌሤም ምድር ይህ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ከመኪና ወርዳችሁ አፈሩን በእጃችሁ ዝገኑ፤ ጥቁር፣ ተጣባቂ፣ ድንጋይ የሌለበት ነው። በዚህ አገር ቤት በጡብ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ቀን 5፦ ቤኒ ሐሰን

በባቡር ወደ ሚኒያ፤ ከካይሮ 245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሚኒያ በስተ ደቡብ፣ ከወንዙ ምሥራቅ ባለ ገደል ላይ 39 መቃብሮች ተፈልፍለዋል፤ ለጎብኚ የሚከፈቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ደረጃው ረጅም ነው፤ በጠዋት ውጡት።

የምትፈልጉት የዳግማዊ ክኑምሆቴፕን መቃብር ነው፤ ከዚያም በግድግዳው ላይ ካሉት ተራ ሥዕሎች አንዱን። በዳግማዊ ሰንዎስረት 6ኛ ዓመት፣ 1890 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ አቢሻ የሚባል የምሥራቅ አለቃ ከ37 ሰዎች ጋር የዓይን ኩል ይዞ ወደ ግብፅ ሲገባ ያሳያል። የተሳሉት 15 ናቸው። ባትሪውን ከጎን አብሩበት፤ ፊት ለፊት ከበራ ቀለሙ ይጠፋል። ወንዶቹ ጺማቸው የተቆረጠ፣ ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያደረጉ፣ ሁለት ሕፃናት በአህያ ጀርባ የተጫኑ፣ አንዱ በገና መሰል መሣሪያ እየመታ የሚሄድ ነው። ግብፃውያኑ ነጭ በፍታ ሲለብሱ እነዚህ ጥለትና ቀለም ያለበት ልብስ ለብሰዋል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ያለበሰው ኅብር ያለበት ቀሚስ በዓይነ ልቡና ብቻ የሚታይ መስሎ ከኖረ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ የዘመኑ አምሳያ አለ። አቢሻ ያዕቆብ ነው አይባልም፤ የያዕቆብ ቤተሰብ ወደ ግብፅ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ግን ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለም።

ጊዜ ከተረፈ ወደ ደቡብ አማርና አለ፤ አኬናተን ፀሐይን ብቻ ያመለከበት ከተማ። በአይ መቃብር ያለው የአተን መዝሙር ከመዝሙር 103 (በዕብራይስጡ 104) ጋር የሚቀራረቡ መስመሮች አሉት፦ ሲመሽ አንበሳ ከዋሻው ይወጣል፣ ሲነጋ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቀን 6፦ ደብረ ቁስቋም

ከአስዩት በስተ ሰሜን 48 ኪሎ ሜትር፣ ቁሲያ ከተማ አጠገብ የሙሐረቅ ገዳም አለ። ለእኛ ስሙ ቁስቋም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የጾመ፣ ማኅሌተ ጽጌን የሰማ፣ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋምን ያከበረ ሰው ስለዚህ ቦታ ሲዘምር ኖሯል፤ እቴጌ ምንትዋብም ጎንደር ላይ ደብራቸውን በዚህ ስም ሰይመዋል። እመቤታችን ከልጇ ጋር እዚህ ስድስት ወር ከዐሥር ቀን መቀመጧን ትውፊቱ ይናገራል። የመንበሩን ድንጋይ ግብፃውያን በኢሳይያስ 19፥19 በግብፅ ምድር መካከል ይሆናል የተባለው መሠዊያ ነው ይላሉ። ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ለብዙ ዘመን በዚህ ኖረዋል።

ገዳሙ በጾም ወቅት ለጎብኚ ሊዘጋ ስለሚችል ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ወንድም ሴትም ክንድና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ወደ መንበሩ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። በዚህ አካባቢ መንገድ ላይ የፖሊስ አጀብ ሊመደብላችሁ ይችላል፤ ለመቆያው ሁለት ሰዓት ያህል ትርፍ ያዙ።

ቀን 7፦ ካርናክ

በሌሊት ባቡር ሉክሶር፤ የነቢያት ኖእ አሞን። ካርናክ ግዙፍ ስለሆነ ያለ እቅድ የገባ ሰው 134ቱን የአዳራሽ ዓምዶች አይቶ ደክሞት ይወጣል። እናንተ ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው በመጀመሪያው ሰፊ ግቢ መካከል ብቻውን የቀረው ረጅም ዓምድ ነው። ከአሥሩ የተረፈ ሲሆን ያሠራው ቲርሐቅ ነው፤ በ2ኛ ነገሥት 19፥9 ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሲያስጨንቅ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» መጣ የተባለለት። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የተባለው የኩሽ መንግሥት ነው፤ መናገሻው ናፓታ በዛሬዋ ሱዳን ነበረ። አስጎብኚው ስሙን ሳይጠራ ቢያልፍ እናንተ አቁሙት።

ሁለተኛው ከዚያ ግቢ በደቡብ በር ወጥቶ ውጭኛው ግድግዳ ላይ ነው። ሺሻቅ፣ በግብፅኛ ቀዳማዊ ሾሼንቅ፣ በ925 ቅ.ል.ክ. ገደማ የዘመተባቸውን ቦታዎች አስቀርጿል። እጃቸው ወደ ኋላ የታሰረ ሰዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ከወገባቸው በታች አካል የለም፣ በምትኩ የከተማ ስም የተጻፈበት ሞላላ ክብ አለ። ከ150 በላይ ናቸው፤ መጊዶና ገባዖን ይነበባሉ። በ1ኛ ነገሥት 14፥25–26 ሺሻቅ የእግዚአብሔርን ቤት መዝገብ ወሰደ ይላል፤ በቀሩት ስሞች መካከል ኢየሩሳሌም የለችም። ሮብዓም ግብር ከፍሎ አድኗታል የሚሉ አሉ፤ ግድግዳው በከፊል መፍረሱም መታወቅ አለበት። ፀሐይ በጎን ስትመታ፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ቅርጹ ይጎላል፤ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ግድግዳ ይመስላል።

ቀን 8፦ ጡብ

በምዕራቡ ዳርቻ ሁሉም ወደ ነገሥታቱ ሸለቆ ይሄዳል። እናንተ ግን ጠዋቱን ለረኽሚሬ መቃብር ስጡ፤ የሦስተኛው ቱትሞስ ዋና ሹም ነበር። ትኬቱ ከሰኔፈር መቃብር ጋር ተጣምሮ ይሸጣል። ወደ ረጅሙ ኮሪደር ግቡ፤ ጣራው ወደ ውስጥ እየከፈተ ሄዶ 8 ሜትር ይደርሳል። በግራው ግድግዳ ላይ ጡብ ሠሪዎቹ አሉ።

ሥዕሉን በሥራው ቅደም ተከተል አንብቡት። ሁለት ሰዎች ዛፍ ከከበበው ኩሬ ውኃ ይቀዳሉ። ሌሎች ጭቃውን በመኮትኮቻ ያቦካሉ። አንዱ የቦካውን ተሸክሞ ያመጣል፤ አንዱ አጎንብሶ የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጥቅና ቅርጹን ብድግ ያደርጋል፤ ጡቦቹ በረድፍ ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። የደረቀው በትከሻ ሸክም ይጓዛል። ከሠራተኞቹ መካከል ቆዳቸው ነጣ ያሉ የሶርያ ምርኮኞች አሉ፤ ዱላ የያዘ አለቃም አጠገባቸው አለ። ይህ 1450 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው፤ እስራኤል ናቸው ብሎ የጻፈ የለም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ጭድ ለምን? የጭቃ ቤት የመረገ ኢትዮጵያዊ መልሱን በእጁ ያውቃል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል። ጭድ ሲገባበት ውስጥ ለውስጥ ያያይዘዋል፣ ውኃውንም እኩል ያስወጣዋል። ጭዱ ሲበሰብስ ደግሞ ጭቃውን ልስልስ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቦክቶ ያደረ ጭቃ ይሻላል። ዘጸአት 5 ላይ ፈርዖን የከለከለው ጡቡን ከጭድ ጋር መሥራት አይደለም፤ ጭዱን ለቅሞ የማምጣቱን ድካም በእነሱ ላይ ጫነ፣ ቁጥሩን ግን አልቀነሰም። ቁጥሩ ራሱ እውነተኛ የቢሮ ጉዳይ ነበር። ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ያለ አንድ የቆዳ ጥቅል፣ በዳግማዊ ራምሴስ 5ኛ ዓመት የተጻፈ፣ 40 አለቆችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዳቸው 2,000 ጡብ ይመድባል፤ ያስረከቡትንም ይመዘግባል። የእስራኤል ሹማምት የተገረፉት እንዲህ ባለ መዝገብ ፊት ነው።

ቀን 9፦ ዝሆን ደሴት

አስዋን ከሉክሶር 215 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቅኤል 29፥10 የግብፅ ዳር አድርጎ የጠራት ሴዌኔ፣ ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ የተባለችው። በጀልባ ወደ ዝሆን ደሴት፣ ኤሌፋንቲን፣ ተሻገሩ። በፋርስ ዘመን በዚህ የሰፈሩ አይሁዳውያን ወታደሮች የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነበራቸው፤ ዘዳግም 12 አንድ ቦታ ብቻ ቢልም። ጎረቤታቸው የበግ ራስ ያለው አምላክ የክኑም ቤተ መቅደስ ነው። በ419 ቅ.ል.ክ. ስለ ፋሲካ አከባበር ደብዳቤ ደረሳቸው፤ በ410 የክኑም ካህናት ገፋፍተው ቤተ መቅደሳቸውን አስፈረሱ፤ በ407 እንዲታነጽ ወደ ይሁዳ ገዥ ጻፉ። ጽሑፎቹ በአራማይክ ናቸው። በግ የሚያርድ በግ ከሚያመልክ ጋር በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ኖሩ፤ ዘጸአት 8፥26 ላይ ሙሴ ግብፃውያን የሚጸየፉትን ብንሠዋ ይወግሩናል ያለውን እዚያ ቆማችሁ አንብቡ።

ስለ መቅሠፍቶቹ አንድ ቃል። እያንዳንዱን መቅሠፍት ከአንድ አምላክ ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ በየቦታው ይሸጣል። ወንዙ ከሐፒ፣ ጓጉንቸር ከወሊድ አምላኪቱ ከሔቄት፣ ጨለማው ከራ ጋር ይገጥማሉ። ለተናካሽ ዝንብና ለቅማል የሚቀርቡት አማልክት ግን በግድ የተጎተቱ ናቸው። ዘጸአት 12፥12 በአማልክት ሁሉ ላይ ፍርድ ይላል፤ ሰንጠረዥ ሳይጨመርበት ይበቃል።

ቀን 10፦ ወደ ሲና

በአውሮፕላን ካይሮ፣ በመኪና በአሕመድ ሐምዲ ዋሻ ከሱዌዝ ቦይ ሥር አልፎ ሲና። እስከ ቅድስት ካትሪን ከፍተሻው ጋር 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ፓስፖርታችሁ እጃችሁ ላይ ይሁን። ኤርትራ ባሕር ሥር የፈርዖን ሠረገላ መንኮራኩር ተገኘ የሚል ፎቶ ከተሸጠላችሁ አትግዙ፤ ተመርምሮ የተረጋገጠ ግኝት የለም።

ቀን 11፦ የሙሴ ተራራ

ቁመቱ 2,285 ሜትር። ከሌሊቱ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የበዳዊን መሪ ይዛችሁ ተነሡ፤ ያለ መሪ አይፈቀድም። በግመል መንገድ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ግመሉ ከ750 ደረጃ በፊት ስለሚያቆም ያ በእግር ነው። የሚሳሳቱት በልብስ ነው፦ ሲወጡ ያልባቸዋል፣ ጫፍ ላይ ላቡ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ውርጭ አለ። ደረቅ ካናቴራ በቦርሳ ይዛችሁ ጫፍ ላይ ቀይሩ። መውረጃውን በ3,750ው የንስሐ ደረጃ ብታደርጉት ጉልበት ያማል፣ ዕይታው ግን ይክሳል።

ከተራራው ሥር ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ዓርብና እሑድ ዝግ ስለሆነ ጉዞውን ስታቅዱ ከዚህ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዮስጢንያኖስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከ3,300 በላይ የብራና መጻሕፍት አሉት፤ ጥቂት የግእዝም አሉበት።

ቀን 12፦ ሰራቢት ኤል ካዲም

በመመለሻው አቡ ዘኒማ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። ከዚያ ወዲያ ለአሸዋ የሚሆን መኪና፣ የአካባቢው በዳዊን መሪና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሦስቱንም ካይሮ ሳላችሁ ጨርሱ። አቀበቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ።

ላይ የሐቶር ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ፤ ግብፃውያን ፈርዝ የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ ለማውጣት ይመጡ ነበርና። አብረዋቸው የመጡ የከነዓን ሰዎች ሃይሮግሊፍ ማንበብ አያውቁም ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሥዕሉን ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ስሙን ጠርተው፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ያዙ። የበሬ ራስ አልፍ፤ ቤት ቤት፤ ውኃ ማይ፤ እባብ ነሐስ፤ ዐይን ዐይን፤ ራስ ርእስ። የግእዝ ፊደላት ስም ዛሬም ይኸው ነው።

ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ከዚህ ያገኛት ትንሽ ስፊንክስ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ናት። የጥንታዊት ግብፅ ሊቅ አላን ጋርዲነር እ.ኤ.አ. በ1916 ያነበበባት አምስት ፊደል ብቻ ነው፦ ለ፣ በ፣ ዐ፣ ለ፣ ት። ለበዓልት፤ ለእመቤቲቱ። ሐቶርን ነው። ግእዝ የተማረ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቅርጹንም እዩ፦ ዐይኑ የዐይን ሥዕል፣ ታው መስቀል ነበረ፤ በሳባ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዐ ክብ፣ ተ መስቀል እንደሆነ ቀርቷል። በማዕድን ማውጫዎቹ አፍ አካባቢ ተመሳሳይ ጭረቶች በዓለቱ ላይ አሉ። በጣት አትንኳቸው፤ አሸዋማው ድንጋይ ይረግፋል። ቁልቁለቱ በጨለማ አይወረድም፤ ከ9 ሰዓት በፊት ወደ መኪናው መመለስ ጀምሩ።